ቀይ የተቀባችው ቅል

አሴሪ ያን ቀን ጠዋት ሻይ ሊቀዳ ወደ ምድጃው ጥግ ቢሄድ ኩባያው ከመደርደሪያው ላይ የለም። ማንኪያውም የለም፣ ሳህኑም የለም። ያንጎና የሚባለውን የሥር መጠጥ የሚጠጣባት የኮኮናት ቅልም ከተሰቀለችበት ምስማር ወርዳለች። ሌባ ገብቷል እንዳይል፣ ጆሮው የተሰበረ ኩባያ የሚሰርቅ ሌባ በደሴቲቱ ዋና ከተማ በሱቫ ገና አልተወለደም። በሩን ሲከፍት አገኛቸው። አራቱም ደረጃው ላይ በተቀመጠ ባዶ የቀለም ባልዲ ውስጥ፣ በረኪና ተደፍቶባቸው፣ ተዘፍዝፈዋል። ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ከሁለት ወር በፊት ምራቱ ሚሊካ በጥፍር ቀለም በየጠርዛቸው ያዞረችው ቀይ መስመር ከውሃው ስር ይታያል። ይህ የሽማግሌው ነው፣ ሌላ ሰው እንዳይነካው ማለት ነበር። እስከ ትናንት ግን ቢያንስ ቤት ውስጥ ነበሩ።

ስድብ ቢሆን ይመልስ ነበር። በስድብ የሚያሸንፈው የለም። ሚሊካ ግን አትሳደብም፤ አታናግረውም እንኳ። በእነሱ ወግ ምራት የባሏን አባት ቀና ብላ አይታ አታወራም፣ ነውር ነው። የምትለው ነገር ሲኖራት ወይ ለግድግዳው ትናገራለች፣ ወይ ለአራት ዓመት ልጇ ለሊቲያ ትነግርና ሊቲያ ታደርሳለች። «ሊቲያ፣ አያትሽን ሾርባው ቀዘቀዘ በያቸው።» ሊቲያ ሦስት እርምጃ ተራምዳ፣ «አያቴ፣ ሾርባው ቀዘቀዘ» ትላለች። «ለእናትሽ፣ ሾርባው ከቀዘቀዘ ሹራብ አልብሺው ብሏል በያት።» ልጅቷ እንደ ፖስተኛ ስትመላለስ ትውላለች፤ መንገድ ላይ መልእክቱን የራሷን ጨማምራበት ታደርሳለች፤ ይህን ከማን እንደወረሰች የሚጠይቅ የለም። አሁን ሊቲያ ሆስፒታል ከገባች አራተኛ ቀኗ ነው። ስለዚህ በዚያ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ቃል የሚያደርስ ሰው ጠፍቷል። ባልዲው ነው የተላከው።

ልጅቷ መጀመሪያ ደከማት። ከዚያ ያስመልሳት ጀመር፣ ጥሬ ማንጎ በልታ ነው ተባለ። ትኩሳቱ በርትቶ፣ አንገቷ እንደ እንጨት ደርቆ፣ ዓይኗ ወደ ላይ ሲሰቀል አባቷ፣ የአሴሪ ልጅ ኢኖኬ፣ ተሸክሟት በታክሲ ሮጠ። ሐኪሙ ከጀርባዋ በመርፌ ውሃ ቀዳና ጥያቄው አንድ ብቻ ሆነ፤ ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው አለ? ባልና ሚስት ተያዩ። አሴሪ ማሳል ከጀመረ ሦስት ወሩ ነው። ለሰፈሩ ግን ሳል አይደለም ብሎ አስረድቷል። በወጣትነቱ የዋጠው የዓሣ አጥንት ሠላሳ ዓመት ሆዱ ውስጥ ተኝቶ፣ አሁን ነቅቶ መውጫ እየፈለገ ነው፤ መንገዱን ሲያጣ በጉሮሮ በኩል ያንኳኳል። ሰው ሁሉ ስቆ አለፈ። ሐኪሙ ግን አልሳቀም፤ አክታውን በትንሽ ጠርሙስ ይዞ እንዲመጣ ላከበት። ውጤቱ ዛሬ ነው። አሴሪ የሚፈራው ሞቱን አልነበረም፤ ስልሳ አራት ዓመት በልቶ ጠጥቷል። የሚፈራው ልጅቷን ያሳመማት እሱ እንዳይሆን ነው። ግን እንዴት ሊሆን ይችላል? ከዓመታት በፊት ያ ሌላው ወረርሽኝ ጊዜ የጤና ሰዎች በድምጽ ማጉያ እየዞሩ በአንድ ቅል አትጠጡ ብለው አስተምረዋል፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እሱም ቀይ መስመሩ ከተሰመረ ወዲህ አንድም ቀን ልጅቷን ኩባያውን አላስነካትም። እጇን ስትዘረጋ መዳፏን ይመታት ነበር።

ሱሪውን አጥልቆ ሲወርድ የአክስቱ ልጅ ኔማኒ ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ሲጋራ ሲጠቀልል አገኘው። የአክስት ልጅና የአጎት ልጅ እዚያ እስከ መቃብር የሚሰዳደቡ ናቸው፤ ካልተሰዳደቡ ተጣልተዋል ማለት ነው።

«አሁንም አልሞትክም?» አለ ኔማኒ ቀና ሳይል።

«መቃብሬን ቆፍር ብዬ የላክሁት ሰነፍ ነው። ወገቤን አመመኝ እያለ ያስጠብቀኛል።»

«ለአንተ ጉድጓድ አይበቃህም፤ አፍህ ለብቻው ሌላ ጉድጓድ ይፈልጋል።» ከዚያ ኔማኒ ደረቱን ይዞ፣ ጉንጩን ነፍቶ፣ የአሴሪን ሳል ሳለለት። ደረቅ፣ ሁለት አጭር አንድ ረዥም፣ መጨረሻው ላይ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ የሚል። አሴሪ ራሱ እንኳ እንዲህ አያስልም። «ይኸው ተማርኩልህ። ስትሞት ሰፈሩ እንዳይናፍቅህ እኔ አስልለታለሁ።»

አሴሪ ሳቀና ሳቁ ወደ ሳል ዞረበት፣ የደረጃውን መደገፊያ ይዞ ቆመ። ኔማኒ ጠብቆ፣ «ልጅቷስ?» አለ፣ በሌላ ድምጽ። አሴሪ እጁን ወዘወዘ። ኔማኒ ወደ ሲጋራው ተመለሰ፣ አሴሪም ወረደ።

ወደ ሆስፒታሉ የሚሄደው አውቶቡስ እሱ ሠላሳ አንድ ዓመት በነዳበት መስመር ነው። መስታወት የለውም፤ ጎኑ ክፍት ነው፤ ዝናብ ሲመጣ የሚወርድ ሸራ ተጠቅልሎ ከላይ ታስሯል። ድሮ ሲነዳ ቁልቁለቱ ላይ ሞተር እያጠፋ ነዳጁን ለራሱ ያስቀር ነበር። ይህን አልደበቀም፤ አንዴ ግን ከወደቡ አንድ ሻርክ ዓሣ ተሳፍሮ ሒሳቡን በትክክል ከፍሎ ገበያ ጋ ወረደ ብሎ ለአለቃው ሪፖርት አድርጓል። የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ያን ሻርክ ያውቀዋል። ለሊቲያ ግን ሻርኩ አልበቃትም። ለእሷ አውቶቡስ የሚነዳ ስምንት እጅ ያለው የባሕር አውሬ ፈጠረላት። በአንድ እጁ መሪውን፣ በሁለተኛው ማርሹን፣ በሦስተኛው ሒሳብ ይቀበላል፣ በአራተኛው መልስ ይሰጣል፣ በአምስተኛው ጎደሬ ይበላል፣ በስድስተኛው የሚያስቸግር ተሳፋሪ ይቆነጥጣል፣ በሰባተኛው ጥሩምባውን ይነፋል። ስምንተኛው እጅ ምን እንደሚሠራ ግን ማታ ማታ፣ ነገ እነግርሻለሁ እያለ ያስተኛታል። ሦስት ወር ሙሉ አልነገራትም። እሱም አያውቀውም።

የሆስፒታሉ ነርስ ሲስተር ሹሺላ ክፍሏ አላስገባችውም። የሸንኮራ ገበሬ ልጅ ናት፣ ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር። ፕላስቲክ ወንበር ይዛ ግቢው ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ስር አስቀመጠችው። በሽተኛን ውጭ ማስቀመጥ ምን የሚሉት ክብር ነው ብሎ ሊተርባት አፉን ሲከፍት ማስክ ሰጠችው። ካሰረ በኋላ ነገረችው። ቲቢ ነው። አክታው በበሽታው ጀርም ተሞልቷል።

«ልጅቷም ከዚያው ናት አባባ። ልጅ ላይ ሲሆን ሳንባ ላይ አይቆምም፣ በደም አድርጎ ጭንቅላት ውስጥ ይገባል።»

«ኩባያዬን ለይተናል» አለ አሴሪ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከሳሹን እንደሚያሳምን ሰው። «ሳህኔን፣ ማንኪያዬን፣ ቅሌን። ሁሉም ቀይ መስመር አለበት። ልጅቷ አልነካችውም፤ በእግዚአብሔር ስም ነው የምልሽ።»

«በኩባያ አይደለም የሚተላለፈው። ያን ሁሉ ባትደክሙበትም ምንም አልነበር። በአየር ነው።» ፀሐይዋ በማንጎው ቅጠል መሀል ሾልካ ትገባለች፣ በብርሃኑ ውስጥ አቧራ ይንሳፈፋል። ሲስተር ሹሺላ ወደዚያ ጠቆመች። «ይህን ያያሉ? ይህ ትልቅ ነው፤ ከዚህ መቶ ጊዜ የሚያንስ ያስቡ። ሲያስሉ ይወጣል፣ ሲያወሩ ይወጣል፣ ሲስቁ ይወጣል። ትልልቁ ጠብታ መሬት ይወድቃል። ትንሹ አይወድቅም፣ ይደርቅና አየር ላይ ይቀራል። ክፍሉ ከተዘጋ ለሰዓታት እዚያው ነው። በውስጡ የነበረ ሰው ይስበዋል። ልጅቷ የት ነው የምትተኛው?»

«ከእኔ ጋር። ከመጋረጃው ጀርባ።»

«መስኮት አለው?»

አለው። ባለፈው ዓመት አውሎ ነፋሱ የዚያን መስኮት መስታወቶች ሲሰባብር አሴሪ ራሱ ወፍራም ፕላስቲክ በሠላሳ ስድስት ምስማር መታበት። አውቶቡስ የሚያነሳ ነፋስ እንኳ በዚህ አይገባም ብሎ ጎረቤት ጠርቶ አሳይቷል። ማሳል ከጀመረ በኋላ ደግሞ ብርድ ደረቱን እንዳይመታው ዳርዳሩን በፕላስተር አሸገው። በዚያ ክፍል ውስጥ ነው ማታ ማታ ሊቲያ ክንዱ ላይ ተኝታ፣ ፊቷን በአንድ መዳፍ ርቀት ወደ አፉ አቅርባ የምታዳምጠው። ሰባተኛው እጅ ጋ ሲደርስ ጥሩምባውን በአፉ ይነፋል፤ ጉንጩን ወጥሮ ፊቷ ላይ ጲጲጲ ያደርግባታል፤ እሷ አፏን ከፍታ ትስቃለች። ድገመው ትላለች። ይደግመዋል። ይህን ለሲስተር ሹሺላ አልነገራትም። «መስኮቱ ተዘግቷል» ብቻ አለ።

ክኒኖቹን እዚያው ፊቷ አስዋጠችው። አልጋ እስኪገኝለት ለብቻው እንዲተኛ፣ መስኮት ሁሉ እንዲከፈት፣ ሰው ቤት ውስጥ እንዳይሰበሰብ ነገረችው። ነገ ጠዋት ራሷ መጥታ ቤተሰቡን ሁሉ ትመረምራለች። ሲነሳ፣ «አባባ፣ ቶሎ ቢመጡ ኖሮ» ብላ ጀመረችና ተወችው። ያን ቃል ግማሹን ብቻ በመናገሯ አመሰገናት፣ በልቡ።

ወደ ሕፃናቱ ክፍል አትግባ ስለተባለ በረንዳው ላይ ቆሞ በመስኮቱ አየ። ሊቲያ አልጋው ላይ አነስ ብላለች። ፀጉሯን በአንድ በኩል ላጭተዋታል፣ አፍንጫዋ ውስጥ ቱቦ አለ፣ አንድ ዓይኗ በግማሽ ተከፍቶ ማንንም አያይም። ኢኖኬ ሰባት ዓመት ሲሚንቶ በተሸከመበት እጁ ትንሿን እግር ይዞ ተቀምጧል። ሚሊካ አሴሪን አይታ ወጣች። ደግሞም መጥታ ፊቱ ቆመች። አሴሪ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ፤ ግድግዳ ፈልጋ እስክትዞር ጠበቀ። አልዞረችም። ቤቱ በገባች በዘጠኝ ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችውና ተናገረች።

«እኔ ነኝ የገደልኳት። በእርስዎ ኩባያ ውሃ አጠጣኋት። ፋሲካ ሰሞን። ተጠማሁ ብላ ስታለቅስ የሷ ኩባያ ታጥቦ አልነበረም፣ እጄ የእርስዎን አነሳ። አንድ ጊዜ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ። ለኢኖኬ ዛሬ ሌሊት ነገርኩት። እቃውን ሁሉ ንጋት ላይ ቤት መጥቼ በረኪና ውስጥ የከተትኩት ለዚህ ነው እንጂ እርስዎን ለማስከፋት አይደለም።» አላለቀሰችም። እንደደከመው ሰው እየተነፈሰች ነው የተናገረችው።

አሴሪ ዝም ማለት ይችል ነበር። ነገሩ ራሱ በሩን ከፍቶ ሰጥቶታል፤ ጥፋቱን ሌላ ሰው ተሸክሞ ይዞለት መጥቷል። ለሦስት ትንፋሽ ያህል አሰበበት፣ ይህን ማንም አላየም። ከዚያ ተናገረ። ኩባያው ምንም አላደረገም አላት። ከአፉ የሚወጣ ነገር አለ፣ በዓይን አይታይም፣ ከአቧራ መቶ ጊዜ ያንሳል፤ ሲያወራ በወሬው ላይ ተሳፍሮ ይወጣል፤ አይወድቅም፣ ክፍሉ ውስጥ ለሰዓታት ይንሳፈፋል፤ ልጅቷ ስትስቅ ገባባት፤ በደም አድርጎ ጭንቅላቷ ጋ ወረደ። እየተናገረ የራሱን ድምጽ ሰማው። የሻርኩን ሒሳብ ሲናገር የነበረው ያው ድምጽ ነው። ተሳፍሮ፣ ወረደ። ሌላ ድምጽ ኖሮት አያውቅም።

ኢኖኬ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። «አባዬ» አለ በቀስታ። «ልታጽናናት እንደሆነ ገብቶኛል። ግን ዛሬ እንኳ ተረት ይቅርብን።»

«ነርሷ ናት ያለችው። ነገ ትመጣለች፣ ጠይቃት።»

«እሺ አባዬ። ሂድና ትንሽ ተኛ።» ሚሊካ እንደገና አቀርቅራለች፤ ወደ ግድግዳው ዞራ፣ «አባባ ሰው ማስደሰት ይወዳሉ» አለችው፣ ለግድግዳው።

ሲመለስ ዝናቡ ያዘው። ተሳፋሪው ሁሉ እየተንጠራራ ሸራውን አወረደ፣ አውቶቡሱ እንደ ድስት ተከደነ፣ ዘፈኑ ጮኸ። አሴሪ በሱ በኩል ያለውን ጠቅልሎ ሰቀለው። ዝናቡ ትከሻውንም፣ አጠገቡ የተቀመጠችውን ሴትዮ የካሳቫ ዘንቢልም መታው። «ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ፣ ገላ መታጠብ ካማረህ ቤትህ ታጠብ» አለችው። ሌላ ቀን ቢሆን ለዚህ የሚመልሰው አሥር ነገር ነበረው። ወርዶ የቀረውን በእግሩ ሄደ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤት ሲደርስ በሩ ላይ ጫማ ተከምሯል። ሃያ፣ ሃያ አምስት ጥንድ። የቤተክርስቲያኑ ሰዎችና ዘመዶች ለሊቲያ ሊጸልዩ መጥተዋል፤ በጋዜጣ የተጠቀለለ የያንጎና ሥር ይዘው፣ ስምንት ቆርቆሮ ዓሣና አንድ ከረጢት ዱቄት ይዘው። ኢኖኬ እንግዳ ሊቀበል ከሆስፒታል ቀድሞት በታክሲ መጥቷል። ሰው ምንጣፉ ላይ ጉልበት ለጉልበት ተጋጥሞ ተቀምጧል፣ ሕፃናት በየጭኑ ላይ ተኝተዋል፣ የተወቀጠው ሥር በእንጨት ገበታው ውስጥ በውሃ ተጨምቆ ጭቃ ውሃ መስሏል። ዝናቡ እንዳይገባ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። የትልቁ ክፍል መስታወት ከትንፋሹ ብዛት ላብ አውጥቷል። በአሴሪ ቦታ፣ ከገበታው በስተላይ፣ ቀይ የተቀባችው ቅል ከባልዲው ወጥታ፣ ታጥባ፣ ለብቻዋ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተቀምጣለች።

«ይኸው ሽፍታው መጣ» አለ ኔማኒ ማስኩን አይቶ። «የትኛውን ባንክ ልትዘርፍ ነው? እኔንም አስገባኝ።» ሰው ሳቀ፣ ለታመመች ልጅ ቤት በሚበቃው መጠን። «ና ተቀመጥ። ቅልህ ለብቻዋ ናት፣ ምን ያስፈራል? አንድ ነገር አውራልን፣ ሰዉ ልቡ ተሰብሯል።»

አሴሪ ዙሪያውን አየ። ሃያ አምስት አፍ ነው። ትናንትም፣ ባለፈው ሳምንትም፣ በዚህ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ እነዚህን ሰዎች ሲያስቃቸው ነበር። ወደ መስኮቱ ሄዶ ከፈተው። አንዲት አሮጊት፣ «ልጄ፣ ሕፃናቱን ብርድ ይመታቸዋል» ብላ መልሳ ዘጋችው። እንደገና ከፈተው። እንደገና ዘጋችው።

«ውጡ» አለ። «መስኮቱን ክፈቱና ውጡ። እባካችሁ።»

ለጸሎት የመጣን ሰው ውጣ ማለት በዚያ ሰፈር ተሰምቶ አያውቅም። ኢኖኬ ፊቱ ጠቆረ፣ መሬት መሬት አየ። ሽማግሌዎቹ ግን አልተቆጡም። ሁሉም ቅሏን ተመለከተ፣ ሁሉም ገባው። ሰውየው ተከፍቷል። ስልሳ አራት ዓመት ከሰው ጋር በአንድ ቅል ሲጠጣ የኖረን ሰው እንደ ውሻ እቃ ለይተውበት፣ ባልዲ ውስጥ ከተውበት፣ እንዴት አይከፋ። ኔማኒ ተንበርክኮ ወደ ፊት ተሳበ። ቀይ የተቀባችውን ቅል አንስቶ ከገበታው ቀዳ። «እኔ የዚህን ሽማግሌ አይጥ ምራቅ ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠጣ ነው የኖርኩት» አለና እንደ ወጉ መዳፉን አንዴ አጨብጭቦ፣ ቀይ መስመሩ ላይ ከንፈሩን ገጥሞ፣ እስከ ዝቃጩ ጨለጣት። ሰው ሁሉ ሦስት ጊዜ አጨበጨበ። አሮጊቷ ዓይኗን ጠረገች። ኢኖኬም አለቀሰ። እንዲህ ያለ ነገር ከታየ ዓመታት አልፎ ነበር፣ ሰው ለሰው።

አሴሪ ቅሏን አያት። በዚያ ክፍል ውስጥ ማንንም ያልጎዳች ነገር ብትኖር እሷ ብቻ ነበረች። የእሱን ቃል ዛሬ የሚያምን የለም። ነገ ነርሷ መጥታ ትነግራቸዋለች፣ ነገ ያምናሉ፣ ነገ ሚሊካ ከኩባያው ነፃ ትወጣለች፤ ቀና ብላም አታየውም። ወጥቶ ደረጃው ላይ፣ ከባዶው ባልዲ አጠገብ ተቀመጠ። ከኋላው በሩ ተዘጋ።

መዝሙሩ ተጀመረ። እዚያ ሰው ሲዘምር ግማሽ ልብ የለም፤ ሴቶቹ ከላይ፣ ወንዶቹ ከታች፣ ሃያ አምስት አፍ ጣራው እስኪነቃነቅ ይከፈታል። ለሊቲያ ነው የሚዘምሩት። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርሱ ከወንዶቹ ድምጽ መሀል አንዱ ጎደለ፣ ከዚያም ሳል ተሰማ። ደረቅ፣ ሁለት አጭር አንድ ረዥም፣ መጨረሻው ላይ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ የሚል። አሴሪ የሰዉን ሳቅ ጠበቀ። ኔማኒ የእሱን ሳል ሲያስመስል ሁልጊዜ ሰው ይስቃል። ማንም አልሳቀም። መዝሙሩ ቀጠለ፣ ሳሉም ቀጠለ።